ከማማረር በፊት መለካት

በግብር ወቅት በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጅ ከሚሰማው ሁሉ የሚበዛው «በዛብኝ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ለገማቹ ግን እሮሮ እንጂ አቤቱታ አይደለም። አቤቱታ የሚሆነው ባለቤቱ የትኛው ቁጥር እንደተሳሳተ ለይቶ ሲያቀርብ ነው።

የጣሪያና ግድግዳ ግብር መነሻው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። ስሌቱ በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ግምቱ ከፍ ባለ ቁጥር መጣኔውም ከ1 በመቶ ተነሥቶ እስከ 4.5 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ 80 ካሬ ሜትር የሆነው ቤት 120 ተብሎ ቢመዘገብ ግምቱ በግማሽ ያድጋል፤ መጣኔውም ወደ ላይኛው እርከን ሊገፋ ይችላል። አንዲት ስሕተት ሁለት ጊዜ ታስከፍላለች ማለት ነው።

አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ለረጅም ዓመታት ሳይነካ የቆየውን የኪራይ ግምት ስታሻሽል ሁሉን ያስደነገጠው የመጨረሻው ድምር ነበር። ክርክሩ ግን መጀመር የነበረበት ከድምሩ ሳይሆን ወደ ድምሩ ካደረሱት ነገሮች ነው፤ ከስፋቱ፣ ከግንባታው ዓይነት፣ ከአካባቢው ደረጃ፣ ቤቱ ለመኖሪያ ነው ወይስ ለንግድ ከሚለው።

የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ደግሞ ጉዳዩን ከኪራይ ግምት ወደ ገበያ ዋጋ ይወስደዋል። የገበያው የቆየ ልማድ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። የስም ማዛወሪያው ይቀንስ ተብሎ በሽያጭ ውል ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ እንደሚጻፍ ሻጭም፣ ገዢም፣ ደላላም ያውቃል። ነገ የጎረቤት ቤት ባለቤት «ግምቱ ከገበያ ዋጋ በላይ ነው» ብሎ ያንን ውል ቢያቀርብ ማን ያምነዋል? ውሉ ካልታመነ ገማቹ በራሱ ሠንጠረዥ ይሄዳል። ዛሬ በአንድ ውል ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ነገ የመንደሩን ሁሉ ማስረጃ ያሳጣል።

ብልህ ባለቤት ማስታወቂያው ሲደርሰው አስቀድሞ ቤቱን ያስለካል፤ ከካርታውና ከግንባታ ፈቃዱ ጋር ያመሳክራል። የስሌቱን ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቃል። በጊዜ ገደቡ ውስጥ አቤቱታውን አስገብቶ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይይዛል። መልሱ ካላረካው ይግባኝ ይላል።

አስተዳደሩም ከዕዳው ድምር ጋር ስሌቱን አትሞ ቢያድል ግማሹን ሰልፍ ያስቀራል። ግብር መክፈል የባለቤት ግዴታ ነው፤ ለሌለ ክፍል መክፈል ግን ግዴታ አይደለም።