ውሃውን አሳርፉት
በጋ ሲገባ የጀውሃ ወንዝ ይቀጥናል፤ የመስኖው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ግን ውሃ መጠየቃቸውን አያቆሙም። ሸዋ ሮቢትን የመሰሉ የመንገድ ዳር ከተሞች በሰፉ ቁጥር ደግሞ ፍሳሻቸው ወደ ወንዝ፣ ከወንዝም ወደ ቦይ መንገድ ማግኘቱ አይቀርም። አዲስ አበባ ይህን ቀድማ አይታዋለች፤ በአቃቂ ወንዝ የበቀለ ሰላጣና ቆስጣ ስንት ዓመት በላን! በፍሳሹ ከሚመጣው ሁሉ እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ ወስፋት ነው። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ነውና ክሎሪን አይበግረውም፣ እርጥብ አፈር ውስጥም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያ በአንድ ሊትር የመስኖ ውሃ ከ1 እንቁላል በላይ እንዳይገኝ ይመክራል። ለዚህ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። እንቁላሉ ከውሃ ይከብዳል፤ ፍሳሹ በተከታታይ ኩሬዎች ከ8 እስከ 10 ቀን ረግቶ ከቆየ አብዛኛው ይዘቅጣል። ታዲያ ወረዳዎቻችን የመስኖ ቦይ ሲያስቆፍሩ ኩሬውን ለምን አብረው አያቅዱም? ገበሬው ብቻውን ከጠባብ ማሳው ላይ ለኩሬ ቆርሶ ይስጥ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ፓምፑም ከላይ ከጠራው ይሳብ፣ ታቹ አይረበሽ። ዝቃጩን ግን አደራ፣ ማዳበሪያ ነው ብላችሁ ትኩሱን ማሳ ላይ አትበትኑት፤ እንቁላሉ የተጠራቀመው እዚያ ውስጥ ነው፣ ማሳው ላይ ውሃ የሚመልሰውም ልጃችሁ ነው።