ስለ ረቂቃን ተሕዋስያን ጥቅምና ጉዳት

ወዳጅን ከጠላት ለይቶ ማወቅ ለአገር ጠባቂ ብቻ ሳይሆን ለገበሬም የሚያስፈልግ ጥበብ ነው። ባክቴሪያ የሚባሉት፥ በዓይን የማይታዩት ረቂቃን ተሕዋስያን ስማቸው በተነሣ ቍጥር ብዙ ሰው የሚያስበው በሽታን ብቻ ነው። ነገር ግን ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1857 ዓ.ም. ወተትን የሚያኮመጥጠው ሕይወት ያለው ረቂቅ ፍጥረት መሆኑን ከገለጸ ወዲህ፥ ከእነርሱ መካከል ለሰው የሚሠሩ ብዙዎች እንዳሉ ታውቋል።

ምስክሩም ሩቅ አይደለም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር፥ ታጥቦ በሚሰናዳው ቡና ላይ የተጣበቀውን ልጋግ በገንዳ ውስጥ የሚያላቅቁት ባክቴሪያና እርሾ ናቸው። ሰዓቱ ተጠብቆ ሲታጠብ ቡናው ይጠራል፤ ከልኩ ካለፈ ግን ይሸታል፥ ዋጋውም ይወድቃል። በማጂ ደጋም ተፍቆ በጕድጓድ የተቀበረው እንሰት ቆጮ የሚሆነው በእነዚሁ ረቂቃን ሠራተኞች ነው።

ዳሩ ግን ይኸው እንሰት ከእነርሱው ወገን የሆነ ጠላት አለበት። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. እንሰትን የሚያጠወልገው ዛንቶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አስታወቁ፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ሙዝንም እንደሚይዝ ጻፉ። በ2001 ዓ.ም. ይኸው በሽታ በኡጋንዳ የሙዝ ተክል ላይ ታይቶ ብዙ ጥፋት አድርሷል።

የታመመውን ተክል የሚፈውስ መድኃኒት የለም። በሽታውን ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚያዛምተው አብዛኛውን ጊዜ ቢላዋ ነው። ስለዚህ መከላከያው ስለቱን በእሳት ማጋል፥ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፥ ከብት እንዳይበላው መከልከል፥ ችግኝንም ከታመመ ጓሮ አለመውሰድ ነው። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ከሊቃውንት መጽሐፍ ወጥቶ ከገበሬው እጅ ካልደረሰ ጥቅሙ ምንድን ነው? እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ተክል ነውና፥ ጓሮው የጠወለገበት ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ስንቁን ባንድ ጊዜ ያጣል።

እንግዲህ ሹማምንት ችግኝ ከማከፋፈላቸው አስቀድሞ ጤንነቱን ሊያስመረምሩ ይገባል። ካህናትም ቃላቸው ይሰማልና፥ ሕዝቡ በተሰበሰበ ጊዜ ስለ ቢላዋው ነገር ቢያስረዱ ብዙ ቤት ይተርፋል። መሣሪያ መዋዋስ መልካም የጉርብትና ልማድ ነው፤ ሳይጸዳ መዋዋስ ግን በሽታን መዋዋስ ነው።