የቫልቩ ልክ በባለሙያው እጅ ይሁን

የካሊፎርኒያው ሜሳ ቡጊ ኩባንያ በብዙ የጊታር አምፕሊፋየሮቹ ላይ የባያሱን ቮልቴጅ (ማለትም በቫልቩ ግሪድ ላይ አርፎ የፍሰቱን ልክ የሚወስነውን አሉታዊ ቮልቴጅ) በማይለወጥ ሬዚስተር ወስኖ፣ ባለቤቱ በዚያ ልክ የተመረጡ ቫልቮችን እንዲገዛ ማድረጉ ከስሕተት የሚጠብቅ ጥበብ መሆኑን ባልክድም፣ የቫልቭ ሁሉ ባሕርይ አንድ ስላልሆነ፣ ልኩን የማረም ሥልጣን ለባለሙያው ሊሰጥ ይገባል እላለሁ።

ሥራው እጅግ ረቂቅ አይደለም፤ ከቋሚው ሬዚስተር ከፊሉ በተለዋዋጭ ይተካል፣ በካቶዱና በመሬቱ መካከልም ባለ 1 ኦም ሬዚስተር ሲገባ፣ በመለኪያው የሚታየው ሚሊቮልት በቁጥር ያው ሚሊአምፔር ነው። 450 ቮልት የተጫነበት ባለ 30 ዋቱ 6ኤል6ጂሲ ቫልቭ፣ በልማድ እንደሚፈቀደው በ70 በመቶ ኃይሉ ቢያርፍ፣ ወደ 47 ሚሊአምፔር ይስባል፤ ከዚያ አብዝቶ ቢያልፍ አኖዱ ይግላል፣ እጅግ ቢያንስ ድምፁ ይሻክራል። ባለሙያውም ተለዋዋጩ ሬዚስተር ቢበላሽ ግሪዱ አሉታዊውን ቮልቴጅ እንዳያጣ አድርጎ ሊሠራው ግድ ነው።