በቁመት ሳይሆን በኪሎ፦ ስለ ስኖውቦርድ ግዢ የቀረበ አስተያየት
በጅዳና በመካ የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት በቀረበ ቁጥር ከምንነጋገርባቸው ጉዳዮች አንዱ የበረዶ ሸርተቴ ጉዞ መሆኑ ለማኅበራችን አባላት የተሰወረ አይደለም። በቀይ ባሕር ዳር፣ በዚያ ወበቅ ውስጥ ተቀምጦ ስለ በረዶ ማውራት ለሰሚው ቧልት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከጅዳ ተነሥቶ በቱርክ ወደ ኡሉዳግና ወደ ኤርጅየስ፣ በጆርጂያም ወደ ጉዳውሪ ለመድረስ አውሮፕላኑ የሚፈጀው ጥቂት ሰዓት በመሆኑ፣ ከመካከላችን ሦስትና አራት ዓመት በተከታታይ የተመላለሱ አሉ። እነዚህ አባላት ዛሬ ጀማሪዎች አይደሉም። መካከለኛውን ቁልቁለት ያለ ችግር ይወርዳሉ፤ ጥቁር ምልክት የተተከለበትንም መሞከር ጀምረዋል። በመሆኑም «ከኪራይ እንላቀቅና የየራሳችንን ሰሌዳ እንግዛ» የሚል አሳብ ቀርቧል። ከመዋጮው ሣጥንም ለጋራ አገልግሎት የሚውሉ ሁለት ሰሌዳዎች ይገዙ የሚል ተጨማሪ አሳብ ተነሥቷል። እኛ የሕክምና ተማሪዎች በዚህ ላይ ያለንን አቋም በዚህ ገጽ መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አስቀድሞ አንድ ተቃውሞ አለ፤ በዝምታ ልናልፈው አንፈልግም። «ወላጆቻችን ከወር እስከ ወር በማያደርስ ገቢ እየኖሩ እኛ በስኮላርሺፕ ገንዘብ በረዶ ላይ ልንንሸራተት ነውን?» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ጥያቄው ክብደት አለው። ሆኖም ስፖርቱ የባዕድ ነውና አይመለከተንም የሚለውን ክፍሉን አንቀበልም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። የምንማርባት ሳዑዲ ዓረቢያም በ2022 በቤጂንግ ፋይቅ ዐብዲን በጃያንት ስላሎም አሰልፋለች። የሚያከራክረው ባዕድነቱ ሳይሆን ዋጋው ነው። አዲስ ሰሌዳ ከነማሰሪያውና ከነጫማው የአንድ ወር አበላችንን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። እንግዲህ ገንዘቡ የሚወጣ ከሆነ በጭፍን ሊወጣ አይገባም የምንለው ለዚህ ነው።

የምንፈልገው ሰሌዳ «ኦል ማውንቴን» የሚባለው፣ ማለትም ለተራራው ሁሉ ተብሎ የተሠራው ነው። በአንድ የሸርተቴ ሥፍራ የአንድ ቀን ውሎ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ትርጉሙን አያጣውም። ጧት መኪና የደለደለው ጠንካራ በረዶ ይጠብቀናል፤ እኩለ ቀን ላይ ያው መንገድ በሰው ብዛት ታርሶ ጉብታ በጉብታ ይሆናል፤ ሌሊት ከጣለም ከመንገዱ ዳር ጉልበት የሚውጥ ለስላሳ በረዶ ይተኛል። ለእያንዳንዱ የተለየ ሰሌዳ አለ። ለዝላይ የተሠራው አጭርና ልል ነው፤ ለጥልቅ በረዶ የተሠራው ፊቱ ሰፊ፣ ጭራው ጠባብ ነው። ሁለትና ሦስት ሰሌዳ የሚገዛ ሀብታም በማኅበራችን ውስጥ ስለሌለ፣ ሁሉንም በመጠኑ የሚያከናውነው አንዱ ይበቃናል።

ዋናው ስሕተት የሚፈጸመው ርዝመት ላይ ነው። ሰሌዳውን አቁሞ ከአገጭና ከአፍንጫ መካከል ከደረሰ «ልክህ ነው» የሚባልበት የቆየ ልማድ አለ፤ ሻጩም፣ አከራዩም፣ ልምድ አለኝ ባዩም ይህንኑ ይደግመዋል። ይህ ልማድ እኛን ከማንም በላይ ይጎዳናል። ከመካከላችን ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ሆኖ ክብደቱ ከ62 ኪሎ የማያልፍ ስንት አለ? እንዲህ ያለው ልጅ በአገጩ ቢለካ 160 ሴንቲሜትር የሚሆን ሰሌዳ ይሰጡታል። ሰሌዳው ግን ቁመታችንን አያውቅም፤ የሚያውቀው የጫንበትን ክብደት ብቻ ነው። ስኖውቦርድ የሚዞረው በጠርዙ ሲቆም በላዩ ባለው ሸክም ተለምጦ ቅስት ስለሚሠራ ነው። ሸክሙ ካነሰው አይለመጥም፤ ካልተለመጠ ጠርዙ በረዶውን አይነክስም፤ ካልነከሰ ጋላቢው በጉልበቱ ሊያዞረው ይታገልና እስከ ቀትር ድረስ ጭኑ ይዝላል። በአንጻሩ ከባዱ ሰው አጭር ሰሌዳ ሲይዝ በፍጥነት ይንቀጠቀጥበታል፤ በለስላሳ በረዶም ፊቱ ይሰምጥበታል። ሠሪዎቹ ለእያንዳንዱ ርዝመት የሚስማማውን የክብደት መጠን በሰንጠረዥ ያወጣሉ፤ መነሻችን ይኸው ሰንጠረዥ መሆን አለበት። እንደየሥሪቱ ቢለያይም፣ ከ60 እስከ 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ150 እስከ 154፣ ከ70 እስከ 75 የሚመዝን ከ155 እስከ 158 ሴንቲሜትር ባለው ውስጥ ልኩን ያገኛል። የበረዶ ልብሱን፣ ጫማውንና ቦርሳውን አብሮ ማሰብ አይከፋም።

ከርዝመት ቀጥሎ ወገብ ነው። የሰሌዳው መካከለኛ ስፋት የሚመረጠው በጫማ ቁጥር ነው። ስፋቱ ካነሰ የጫማው ጫፍና ተረከዝ ከሰሌዳው ወጥቶ፣ በጠርዝ በተዘነበለ ጊዜ በረዶውን ይጭራል፤ ሰውየውም ምን እንደጣለው ሳያውቅ ይወድቃል። በእያንዳንዱ ወገን እስከ 2 ሴንቲሜትር መውጣቱ ችግር የለውም። 42 ቁጥር ለሚጫማ 250 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ወገብ ይበቃል፤ ከ44 ቁጥር በላይ ለሆነ ግን 260 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የእኛ ጉዳይ እንደገና ይወሳሰባል፤ ቀጭኑና ረጅሙ ልጅ እግሩም ረጅም ነው። ሰፊ ሰሌዳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለከባድ ሰው ተብሎ ረዘምና ገተር ተደርጎ ይሠራል። መፍትሔው በመካከለኛና በሰፊ መካከል ያለውን፣ «ሚድ ዋይድ» የሚሉትን መፈለግ ነው፤ ስፋቱን እየሰጠ ርዝመቱን አይጨምርም። እህቶቻችን በተቃራኒው ለሴት ተብሎ የተሠራውን፣ ወገቡ ወደ 240 ሚሊሜትር የሚጠጋውን ይያዙ። ሰፊ ሰሌዳ ለትንሽ እግር ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመመለስ ይዘገያል። (ሒጃብ ለሚለብሱ፦ ከሄልሜት ሥር ስስ ጨርቅ፣ ያለ መርፌ ቁልፍ።)

ስለ ግትርነት የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ የክብር ክርክር ይሆናል። ሠሪዎቹ ከ1 እስከ 10 በሆነ መለኪያ ሲያስቀምጡት፣ 8ና 9 የተጻፈበት «ለብርቱዎች» የሚል ስም ይሰጠዋል፤ እኛም ብርቱ መባል ስለምንወድ እጃችን ወደዚያው ይሄዳል። እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ዓመቱን ሙሉ ከአየር ማቀዝቀዣ ወደ አየር ማቀዝቀዣ፣ ከንባብ ክፍል ወደ መኝታ የምንል ሰዎች ነን። በዓመት የምንጋልበው አምስት፣ ቢበዛ ሰባት ቀን ነው። ከባሕር ጠለል ተነሥተን ጉዳውሪ ስንወጣ የመጨረሻው ማንሻ ከ3,200 ሜትር በላይ ያደርሰናል። አዲስ አበባ ያደግን ነን፣ ከፍታ አይነካንም የሚሉ አሉ፤ ጅዳ ላይ ጥቂት ዓመት የኖረ ደም የአዲስ አበባን አየር ረስቷል። እንዲህ ላለ እግር ግትር ሰሌዳ ከሰዓት በኋላ ጠላት ነው። 5 ወይም 6 የሆነው መካከለኛ ግትርነት በጠንካራው በረዶም ይይዛል፣ ስንደክምም ይምረናል። ቅርጹን በተመለከተ፣ በእግሮች ሥር ወደ ላይ የቀስት ያህል የጎበጠ (ካምበር) ሆኖ ፊቱና ጭራው ቀደም ብለው ቀና የሚሉትን ቅይጥ እንመርጣለን። ሙሉ ካምበር በጠንካራ በረዶ ላይ ተወዳዳሪ የለውም፤ ነገር ግን ጠርዙን ያለ ቦታው ላስነካ ሰው ይቅርታ አያውቅም። ሙሉ በሙሉ እንደ ታንኳ የታጠፈው (ሮከር) ደግሞ ለጀማሪ የዋህ፣ ለፈጣን ግን ዋልጌ ነው። በርተን ከስተም ወይም ጆንስ ማውንቴን ትዊን በሚባሉት የታወቁ ሰሌዳዎች ዙሪያ ያለው ዓይነት ለእኛ ቅርብ ነው፤ ስሙን ብለን ግን ልካችን ያልሆነውን አንግዛ።

አሮጌ መግዛትን እንደግፋለን። ጅዳ ውስጥ የሐራጅ ገበያ ምን እንደሆነ ለአንባቢ አንነግርም፤ ቃሉ ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ይሁንና ከጉዞ የተመለሰ ሰሌዳ በዚህ ከተማ እንዴት እንደከረመ መጠየቅ ግድ ነው። የጅዳ አየር እርጥብና ጨዋማ ነው፤ ያልተወለወለ የብረት ጠርዝ በጥቂት ጊዜ ይዝጋል። በመኪና ሻንጣ ወይም በሰገነት ላይ የከረመ ደግሞ ሙቀቱ ሙጫውን ሊያላቅቀው ይችላል። ስለዚህ ጠርዙን ዙሪያውን በጣት መዳሰስ፣ የተሰነጠቀ ካለ መተው፤ ጫፎቹን ለጥጦ ንብብሩ መለያየቱን ማየት፤ ከሥሩ እስከ እንጨቱ የዘለቀ ጭረት መፈለግ ያስፈልጋል። ላይ ላዩን የዛገ በሞረድ ይጠራል። የራሳችን ከሆነ በኋላ፣ ከጉዞ ስንመለስ አድርቀን፣ ከሥሩ ወፈር ያለ ሰም ቀብተን ሳንፍቀው፣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ እናስቀምጠው።

አሁን ሙያችን ወደሚመለከተው እንምጣ። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ከሰሌዳው በፊት ጫማው ይገዛ። የተከራየ ሰሌዳ ላይ በራስ ጫማ መውጣት፣ በብዙ ሰው እግር በሰፋ ጫማ የራስን ሰሌዳ ከመጋለብ እጅግ ይሻላል፤ ተረከዙ የሚነሣ ጫማ የትኛውንም ሰሌዳ አያዝም። ከዚያ ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ። በስኖውቦርድ አብዝቶ የሚጎዳው የሰውነት ክፍል የእጅ አንጓ ነው፤ ወዳቂው እጁን ዘርግቶ ይመክታልና። በኖርዌይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት 5,029 ጋላቢዎችን ለሁለት ከፍሎ ሲከታተል፣ መከላከያ ካደረጉት ወገን 8፣ ካላደረጉት 29 ሰዎች የአንጓ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ነገ ቀዶ ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም ወይም መሐንዲስ የሚሆን ሰው እጁን በምን ሒሳብ ለዕድል ይሰጣል? ሌላም አለ። ከቁርጭምጭሚት ሥር ያለው ታለስ የሚባለው አጥንት ከውጭ በኩል ያለው ጉጥ ሲሰበር ሐኪሞች «የስኖውቦርድ ስብራት» ይሉታል። እንደ ወለምታ ያብጣል፣ እንደ ወለምታ ያማል፣ በተራ ራጅም ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። ወለምታ ነው ተብሎ ሳምንት ካለፈው በኋላ ከውጭ በኩል መርገጥ ያቃተው አባል ሲቲ ስካን ይጠይቅ፤ ችላ የተባለው መገጣጠሚያውን ለዕድሜ ልክ ያበላሻል። የመውጫና የመመለሻ ቪዛውን የሚያስጨርስ ሁሉ የመድን ውሉንም አብሮ ያንብብ፤ ከአገር ውጭ የሚደርስን የክረምት ስፖርት ጉዳት የማይሸፍን ውል ብዙ ነው።

የጋራው ግዢ ጉዳይ ይቀራል። እንደግፈዋለን፤ ነገር ግን ሁለት አንድ ዓይነት ሰሌዳ ይገዛ የተባለውን እንቃወማለን። አንዱ 152 አካባቢ፣ ሌላው ከ157 እስከ 158 ሆኖ ሚድ ዋይድ ይሁን። ሁለቱም ፊታቸውና ጭራቸው አንድ ቅርጽ የሆነ (ትዊን) ይሁኑ፤ ከእኛ ውስጥ ግራ እግሩን የሚያስቀድምም ቀኙን የሚያስቀድምም ስላለ፣ በካቻቢቴ ማሰሪያውን ፈትቶ ማዞር ብቻ ይበቃል። ለግል የሚገዛ ሰው ግን ፊቱ ትንሽ ረዘም ያለውን ቢመርጥ በለስላሳ በረዶ ይጠቀማል። የመካ አየር ከጅዳው የደረቀ በመሆኑ ሰሌዳዎቹ በመካ ባሉ አባላት ቤት ይክረሙ፤ መካ መግባት የማይችሉ አባላት እንዳይጉላሉ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ወደ ጅዳ ይውረዱ። ለመጪው ስብሰባ እያንዳንዱ አባል ኪሎውን፣ የጫማ ቁጥሩንና የሚያስቀድመውን እግር በወረቀት ጽፎ ይምጣ፤ ቁመት መጻፍ አያስፈልግም።