የበጀት ዘመንና የእንሰት ዘመን

ሐምሌ 1 ቀን የአዲሱ በጀት ዘመን መባቻ እንደመሆኑ መጠን፣ በአገራችን በየወረዳው ክረምቱ ሲገባ ግምገማና ስብሰባ አብረው ይገባሉ፤ ባለጉዳዩም «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ምላሽ ከዘበኛው ተቀብሎ፣ ጃንጥላውን እንደ ዘረጋ ወደ መጣበት ይመለሳል። በነዚህ ስብሰባዎች ከማይታጡት አጀንዳዎች አንዱ የሥራ ባህል ነው። የበዓላት መብዛት፣ ሰዓት አለማክበርና እጅን አጣጥፎ መቀመጥ በየተራ ይወቀሳሉ፤ ይህ ወቀሳ የሚሰነዘረው በሥራ ሰዓት ቢሮ ተዘግቶ መሆኑን ልብ ያለ ተናጋሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ ስለ ሥራ ባህል ሊመሰክር የሚገባው አዳራሹ ሳይሆን ጓሮው ነው ባይ ነኝ። ከቦንጋ ተነሥቶ ወደ ሚዛን የሚያልፍ መንገደኛ የጨና ወረዳ ርእሰ ከተማ ከሆነችው ከዋጫ ሲደርስ በግራ በቀኙ የሚያየው የቆርቆሮ ጣራና የሱቅ ደጃፍ ቢሆንም፣ ከየቤቱ በስተጀርባ ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው፤ እንሰቱ፣ ችግኙ ከችግኙ፣ ለጋው ከለጋው፣ ለመፋቅ የደረሰውም ከእኩያው ጋር በዕድሜ ተራ ተሰልፎ፣ ቡናውን፣ ኮረሪማውን፣ ጎደሬውንና ቦዬውን በጥላው ሥር ሰብስቦ ይታያል። ገበሬው እንሰትን ዘር በትኖ አያበቅለውም። ገና ያልጎመራውን ተክል ቆርጦ ከሥሩ አሚቾውን ያወጣል፤ መካከለኛውን እምብርት ፈልፍሎ ከጣለለት በኋላም ፍግ በተደባለቀበት ጉድጓድ ቀብሮ አፈር ያለብሰዋል፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ አንድ እምብርት በተነቀለበት ዙሪያ ብዙ ቡቃያ ከብቦ ይነሣል። ያም ቡቃያ ተለያይቶ፣ ከቦታ ወደ ቦታ ተዛውሮ፣ በየዓመቱ ፍግ እየተጨመረለት፣ ከፍልፈልና ከጃርት እየተጠበቀ፣ እንደ አየሩና እንደ አፈሩ ሁኔታ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ በደጋውም ከዚያ በላይ ቆይቶ ለማዕድ ይደርሳል። እንግዲህ ዛሬ የተተከለው እንሰት ቆጮ የሚሆነው፣ ሁለት ወይም ሦስት አስተዳዳሪ ተሾሞ ከተሸኘ በኋላ ነው ማለት ነው።

በዚህ በካፋ አገር ሰባና ሰማንያ ዓመት የኖረ ሽማግሌ የሹመቱን መንገድ ርዝመት በእግሩ ያውቀዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የካፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጅማ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታውጆ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋምም ክፍለ ሀገሩ የሚታዘዘው ከዚያው ከጅማ ነበር፤ በኋላም ዘመኑ የክልል ሆነና አቤቱታው ወደ ሐዋሳ የሚያደርሰውን ረዥም ጎዳና ተያያዘው። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን ተመሥርቶ ቦንጋ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ስትሆን፣ ደስ ያላለው የካፋ ሰው ቢኖር ጥቂት ነው። እኔም ደስ ካላቸው ወገን ነበርሁ፤ ዛሬም አልተጸጸትሁም። ነገር ግን መቀመጫው ቀረበን እንጂ የተቀማጩ ዕድሜ አልረዘመም። የመጣው ሹም የሄደውን ዕቅድ ወደ መሳቢያ ከትቶ የራሱን ይጀምራል፤ ሥሩ መሬት ከመጨበጡ በፊትም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል። የሰው ልጅ ደግሞ ከልቡ የሚደክመው ፍሬውን ቆሞ ለሚያይበት ነገር ነው። በቢሮ ውስጥ ፋይል ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲያንከባልል የሚውለው ያው ባለሙያ፣ በ11 ሰዓት ተኩል ወጥቶ ቤቱ እንደ ደረሰ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ማንም ሳይቆጣጠረውና ሪፖርት ሳይጠይቀው፣ ዓይን እስኪይዝ ድረስ ጓሮውን ሲኮተኩት ይታያል። የዚህን ሰው የሥራ ባህል ዝቅተኛ ነው ማለት ይቻላልን?

አበው እንደሚያስተምሩት አዳም ወደ ገነት የገባው ያለ ግብር አልነበረም፤ እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነበር። የመጀመሪያው ሹመት የጓሮ ሹመት ነበር ማለት ነው፤ ግዴታውም ሁለት ነበር። እኛ ግን ማበጀቱን ይዘን መጠበቁን የተውን ይመስላል። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ በየክረምቱ ችግኝ ስንተክል፣ የተተከለው ቁጥር በዚያው ቀን ማታ በዜና ሲነገር፣ የጸደቀው ቁጥር ግን የሚነገርበት ማታ እጅግ ይዘገያል።

ሌላም ያልተቆጠረ ሥራ አለ። እንሰት የደረሰ ዕለት ድካሙ ከወንዱ ወደ ሴቲቱ ያልፋል፤ እርስዋም በጓሮው መካከል ቅጠል አንጥፋ ትቀመጥና፣ ግንዱን ልጣጭ በልጣጭ አላቃ፣ በጣውላ ላይ አጋድማ፣ በአንድ እግርዋ ተረከዝ ደግፋ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች፤ አሚቾውን ትከትፋለች፣ የጠለለውን ቡላ ለብቻው ታኖራለች፣ የቀረውንም ጠቅልላ በጉድጓድ ታብላላዋለች። ወገብን የሚሰብር ሥራ ነው። በሥራ ባህል ላይ በሚቀርቡት ጽሑፎች ውስጥ የዚህች ሴት ሰዓት ተመዝግቦ አይቼ አላውቅም፤ አጥኚው ምሳውን ከቆጮ ጋር በልቶ ወደ ጽሑፉ እንደሚመለስ ግን አውቃለሁ።

የጓሮው ትልቁ ጠላት አጠውልግ የሚሉት በሽታ ነው። ደግናቸው ይርጉ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ብራድበሪ ከተባሉ ተመራማሪ ጋር ሆነው በ1960 ዓ.ም የበሽታውን ተህዋስ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ስም ሰጥተው አስታወቁት፤ በ1993 ዓ.ም ገደማም ይኸው ተህዋስ በኡጋንዳ የሙዝ እርሻ ላይ ተገኝቶ ብዙ ጓሮ አጠፋ። የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲጠወልግና ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ሲያወጣ፣ ተክሉን ነቅሎ መቅበርና ቢላዋውን በእሳት ማቃጠል ነው መፍትሔው። በሽታው ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚሻገረው በአብዛኛው በዚያው በቢላዋ ነውና፣ ከጎረቤት የተዋሱትን ቢላዋ በእሳት ሳያሳዩ የሚቆርጡ አንድ ሰው የመንደሩን የዓመታት ድካም ሊያጠፉ ይችላሉ።

ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቤት አይደለም፤ የቀበሌም ብቻ አይደለም፤ የዕድር ነው። ከቀብር የቀረን አባል የሚቀጣ ዕድር፣ ቢላዋውን ያላቃጠለውንም ሊቀጣ ይችላል፤ የታመመውንም እንሰት በአንድ ቀን በደቦ አስነቅሎ ሊያስቀብር ይችላል። ነገር ግን ዕድራችንን ሳወድስ አንድ ነውር መሸፈን አልፈልግም። በካፋ ምድር ማንጆ ተብለው የተለዩ ወገኖቻችን ከጎረቤታቸው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ፣ በሰው ቤት እንዳይገቡ፣ እንዳይጋቡ ያደረገ ልማድ ከኖረ ዘመን ቆጥሮአል፤ የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ቢልም፣ ልማዱ በብዙ ቦታ እየሳሳ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። የሃይማኖት አባቶችም በዐውደ ምሕረት የወቀሱትን ያህል በማዕዳቸው ያልገሠጹት ይመስለኛል። በአጥር ማዶ ያለውን ሰው ከሸንጎው አግልሎ፣ ጓሮውን ግን ከበሽታ እንዲያጸዳልኝ የሚል ዕድር፣ አጠውልግን ሊያቆም አይችልም።

ለሹማምንቱ አንድ ትንሽ ሐሳብ አለኝ። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ በባንዲራው ምሰሶና በመኪና ማቆሚያው መካከል ከሣር በቀር ምንም የሌለበት መሬት አይታጣም። አዲስ የተሾመ አስተዳዳሪ ሁሉ በገባ በወሩ በዚያ ቦታ ጥቂት እንሰት በእጁ ይትከል። ሲዛወርም፣ በርክክቡ ሰነድ ላይ ከወንበሩ፣ ከኮምፒዩተሩና ከመኪናው ቀጥሎ እንሰቱ በቁጥርና በዕድሜ ተመዝግቦ፣ ተረካቢው በጓሮው ዞሮ ከቆጠረ በኋላ ይፈርም፤ የጎደለ ቢኖርም እንደ ጠፋ ወንበር ይጠየቅበት። ቆጮው ሲደርስ ለማን ይሁን የሚለው ግን መቼም አንድ ስብሰባ ማስጠራቱ አይቀርም፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዲሆን ከወዲሁ እለምናለሁ።