ውኃን በማጥራት ምክንያት ውኃን ስለ ማባከን

ንጹሕ ውኃ መጠጣት ለሰው ሁሉ የተገባ ነገር ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ የውኃ ማጣሪያ ቢያስተክል የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም የሚጠጣውን አንድ ብርጭቆ ለመስጠት ሌላ ብዙ ብርጭቆ ወደ ፍሳሽ የሚጥል መሆኑ ነው። ባለቤቱ ጥሩውን ውኃ በፊቱ ሲቀዳ ያየዋል፤ የሚጣለው ግን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር በቀጭን ቱቦ ዝም ብሎ ስለሚሄድ አያየውም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ተባለ፥ ይህ ጥፋት ያለ ድምፅ የሚደረግ ስለ ሆነ፥ አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ቤትና መሬት ያላቸው ሰዎች ሊያስቡበት ይገባል።

የመሣሪያው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ውኃው በግፊት ሜምብሬን ወደሚባል እጅግ ስስ ሽፋን ይነዳል። ከውኃው ከፊሉ በሽፋኑ ውስጥ አልፎ ይጠራል፤ ጨውና ሌላው የሟሟ ነገር ግን ማለፍ አቅቶት ከዚህኛው ወገን ይቀራል። የቀረው ጨው ተጠራቅሞ ሽፋኑን እንዳይደፍነው ሌላ ውኃ ሳያቋርጥ ጠርጎ ሊያወጣው ያስፈልጋል፤ ተረፈ ውኃ የሚባለውም ይህ ነው። ለዚህ ሥራ የሚስማማውን ሽፋን በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሠሩት በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ናቸው። በ1965 ኮሊንጋ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ጨዋማውን የጕድጓድ ውኃ ለሕዝብ መጠጥ ለማድረግ ተሠራበት። እንግዲህ ጥበቡ የተፈለገው ውኃው ጨው ለሆነበት አገር እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባል።

ተረፈ ውኃ ፈጽሞ እንዳይኖር ማድረግ አይቻልም፤ መጠኑ ግን እንደ መሣሪያው ዓይነትና እንደ አያያዙ ይለያያል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደ ገለጸው፥ በቤት የሚተከለው የተለመደው መሣሪያ ለአንድ እጅ ጥሩ ውኃ አምስት እጅና ከዚያም በላይ ይጥላል፤ የከፋው እስከ አሥር እጅ ይደርሳል። ይኸው መሥሪያ ቤት በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ደንብ፥ የቁጠባ ምልክቱን የሚሰጠው ለአንድ እጅ ጥሩ ውኃ ከ2.3 እጅ የበለጠ ለማይጥል መሣሪያ ነው። በቀን 10 ሊትር የሚጠጣና የሚያበስል ቤተሰብ በተለመደው መሣሪያ 50 ሊትር ይጥላል፤ በተሻለው ግን 23 ሊትር ብቻ። ልዩነቱ በቀን 27 ሊትር፥ በዓመት 9,855 ሊትር ይሆናል። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ቢለካ ከ490 ጀሪካን ያልፋል። ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ባለችበት አገር ይህ ቍጥር የወረቀት ቍጥር ብቻ አይደለም።

ጥሩ ተብሎ የተገዛውም መሣሪያ በአያያዝ ጕድለት ከተጻፈለት በላይ የሚጥልበት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው የግፊት ማነስ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በደንብ እንዲሠሩ 2.8 ባር ያህል ግፊት ይሻሉ። ከጣሪያ ላይ ከተቀመጠ ታንከር የሚወርድ ውኃ ግን በ10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ብቻ ስለሚያገኝ፥ ታንከሩ 6 ሜትር ከፍ ቢል ግፊቱ ከሚፈለገው አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው። በዚህ ጊዜ ጥሩው ውኃ እጅግ እየቀነሰ የሚጣለው ግን ይፈስሳል። ለእንዲህ ያለው ቤት ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ ማስገባት የግድ ነው። ሁለተኛው የማጠራቀሚያው ነገር ነው፤ ጥሩው ውኃ የሚጠራቀምበት ጋን እየሞላ ሲሄድ ወደ ኋላ ይገፋልና ሽፋኑ የሚያሳልፈው ያንሳል። ሦስተኛው ከፊት የሚቀመጡት ማጣሪያዎች በጊዜያቸው ባለመለወጣቸው መደፈናቸው ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን አራተኛው ነው። ጋኑ ሲሞላ የሚገባውን ውኃ የሚያቆም መዝጊያ ቫልቭ አለ፤ እርሱ የተበላሸ እንደ ሆነ ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ ተረፈ ውኃው መፍሰሱን አያቆምም። በደቂቃ ግማሽ ሊትር ቢፈስስ በአንድ ቀን 720 ሊትር ይሆናል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መጥራት አያሻም። ማታ ጋኑ እንዲሞላ ትቶ፥ ማንም ውኃ ሳይቀዳ፥ ጧት የተረፈ ውኃውን ቱቦ ወደ ባልዲ መልሶ ማየት ይበቃል፤ ውኃው እየፈሰሰ ከተገኘ ቫልቩ ወይም አጠገቡ ያለው ክፍል መጠገን አለበት። የሚጣለውንም መጠን ለማወቅ የጋኑን መዝጊያ ዘግቶ፥ የመጠጡን ቧንቧ ከፍቶ፥ ጥሩውንና የሚጣለውን በሁለት ዕቃ ለአምስት ደቂቃ ቀድቶ መለካት ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን በሰማ ጊዜ የሚጣለውን ቱቦ ጠበብ አድርጎ ብክነቱን ሊያስቀር ይከጅል ይሆናል። ይህ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። ጠራጊው ውኃ ከልኩ ያነሰ እንደ ሆነ የኖራ ድንጋይና ሌላው ዝቃጭ በሽፋኑ ላይ ይጋገርና ውድ የሆነው ሽፋን ይሞታል። መጠኑን መቀነስ የሚገባው ለዚያ በተሠራ መሣሪያና በሠሪው መመሪያ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይህ መሣሪያ ለዚያ ቤት ያስፈልጋልን? የቧንቧው ውኃ ጨውም ፍሎራይድም የማይበዛበት ከሆነ፥ የሚያሰጋውም ጀርም ብቻ ከሆነ፥ ማፍላት ወይም ክሎሪን ማድረግ ወይም የሸክላ ማጣሪያ ይበቃል፤ እነዚህም በተረፈ ውኃ ስም የሚጥሉት የለም። በህንድ አገር ብሔራዊው የአካባቢ ጕዳይ ፍርድ ቤት በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ የሟሟው ጨው በሊትር ከ500 ሚሊግራም ባነሰበት ስፍራ ይህ ማጣሪያ እንዲከለከል፥ በተፈቀደበትም ከሚገባው ውኃ ከ60 በመቶ የበለጠው ለጥቅም እንዲውል ደንብ ይውጣ ብሎ ለመንግሥቱ አዟል። ከሰው ብዛት የተነሣ ውኃ የጠበበው ያ አገር ነገሩን እስከ ፍርድ ቤት ካደረሰው፥ ሌላውም ጥፋቱ ሳይበዛ ቢማርበት ይጠቀማል።

በስምጥ ሸለቆ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመተሐራ፥ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ከከርሠ ምድር የሚወጣው ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ እጅግ የበለጠውን ለብዙ ዘመን የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፥ ዕድሜው ሲገፋም አጥንቱ ይታመማል። ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ ይበረታል። ስለዚህ በዚያ ስፍራ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ቅንጦት ነው አይባልም። ሆኖም በከሰለ አጥንት ማጣራትም ፍሎራይድን እንደሚቀንስ፥ እንደዚህም መሣሪያ ሳያቋርጥ ውኃ እንደማይጥል ታውቆ፥ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ከመገዛቱ በፊት ሁለቱን ማመዛዘን ይገባል።

የተረፈው ውኃ የት ይግባ የሚለውም ለእርሻ ሰዎች የሚገባ ጥያቄ ነው። ቤት ለመወልወል፥ መጸዳጃ ለማጠብ፥ መኪና ለማጠብ ያለ ሥጋት ይውላል። ለመጠጥና ለምግብ ግን አይሆንም፤ ለከብትም ሳይመረመር መስጠት አይገባም። በሊትር 3 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለበት ውኃ አንድ እጅ ጠርቶ አምስት እጅ ሲጣል፥ ፍሎራይዱ ሁሉ በተረፈው ቢቀር፥ የተረፈው 3.6 ሚሊግራም ይሆናል፤ አንድ እጅ ጠርቶ አንድ እጅ ብቻ ሲጣል ግን 6 ሚሊግራም ይደርሳል። ይህም ማለት ብክነቱ ባነሰ ቍጥር የተረፈው ይበረታል ማለት ነው።

ለአትክልትም እንዲሁ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባወጣው መመሪያ የሟሟው ጨው በሊትር ከ450 ሚሊግራም ያነሰ ውኃ ለመስኖ ያለ ጥንቃቄ ይሆናል፤ ከዚያ እስከ 2,000 ያለው ጥንቃቄ ይሻል፤ ከ2,000 የበለጠው እጅግ ያሰጋል። ቦሎቄ፥ ካሮትና ሽንኩርት ጨውን አይችሉም፤ ገብስ ግን ይታገሣል። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ሶዲየም የበዛበት ስለ ሆነ፥ ተረፉን በአንድ መደብ ላይ ዘወትር ማፍሰስ አፈሩን አድርቆ ውኃ የማይጠጣ ያደርገዋል። ስለዚህ የቧንቧው ውኃ ጨው ያነሰበት ቤት ተረፉን ለዛፍና ለሣር ቢያጠጣ መልካም ነው፤ ጨው የበዛበት ግን ለጽዳት ብቻ ያውለው።

ውኃው በገንዘብ የተገዛ ነውና ለባለቤቱ ይተውለት የሚል ሰው ይኖራል። የቧንቧ ውኃ ግን በአንድ ሰው ብር ብቻ የተዘረጋ አይደለም፤ ምንጩ የጋራ፥ ፓምፑና ቧንቧውም የጋራ ነው። በታችኛው ሰፈር ቧንቧ ደርቆ ሕዝቡ ተራ ሲጠብቅ በላይኛው ሰፈር የጠራ ውኃ ያለ ሥራ ወደ ቦይ ቢወርድ፥ ዋጋውን የሚከፍለው ባለቤቱ ብቻ አይሆንም።

እንግዲህ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ሊያደርጉት የሚቻለው ቀላል ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ማጣሪያ ከመገዛቱ በፊት ውኃው ይመርመር፤ የምርመራው ወረቀት ከግዢው ወረቀት ጋር ይያያዝ። በውሉ ላይ መሣሪያው ለአንድ ሊትር ጥሩ ውኃ ስንት ሊትር እንደሚጥል በቍጥር ይጻፍ፤ ሲተከልም በባልዲ ተለክቶ ይረከቡት። ማጣሪያዎቹ የሚለወጡበት ቀን በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ቫልቩ በየሦስት ወሩ ይፈተን። አዲስ ቤት የሚሠራ ባለንብረትም ግንቡ ሳይለሰን ተረፈ ውኃው ወደ መጸዳጃው ማጠራቀሚያ የሚሄድበትን ቱቦ ቢያስቀብር፥ ኋላ ግድግዳ ከማፍረስ ይድናል። ባልዲና ሰዓት በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ የሚያስፈልገው በእነርሱ ለክቶ የተገኘውን ቍጥር በመዝገብ የሚጽፍ አንድ ሰው መሾም ብቻ ነው።