ስንት ሰው ታመመ? ከስንት ሰው?



አንድ ሰው ኩላሊቱ ደክሞ የእጥበት ገንዘብ አጠረው ሲባል ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ እርዳታ ይሰበሰባል፣ ያለው ሺህ፣ የሌለው አሥር ብር ይሰጣል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን ከወር በኋላ ሌላ ታማሚ፣ ቀጥሎም ሦስተኛ ሲመጣ የማንጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ለምን ይህን ያህል ሰው? እነዚህ ሰዎች ከመድከማቸው በፊት ማን አያቸው?

የሕብረተሰብ ጤና የሚባለው ሙያ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ሐኪም ፊቱ የተቀመጠውን አንድ ታማሚ ያክማል። የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያ የሚያየው ግን ሰፈሩን ነው። ማን ታመመ? ማን ሳይታመም ቀረ? ልዩነቱ ከምን መጣ? ብሎ ይጠይቃል። መድኃኒቱም ንጹሕ ውኃ፣ ክትባት፣ መጸዳጃ ቤት፣ ትምህርት፣ አንዳንዴም ሕግ ነው። ወደ ኩላሊቱ እንመለስና፣ በዓለም ደረጃ ለኩላሊት ድካም ዋነኞቹ መንስኤዎች ስኳርና የደም ግፊት ናቸው። ሁለቱም ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳዩ ሊቆዩ ይችላሉ። ግፊት መለካት ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። እጥበት ግን በአብዛኛው በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚደረግ፣ ንቅለ ተከላ ካልተገኘ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ነው። እኛ ገንዘባችንን የምናወጣው መጨረሻው በር ላይ ቆመን ነው።

«የመጣ አይቀርም» የሚሉ አሉ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከሚባል ቦታ ደርሰው ወረርሽኝ መግባቱን በሰሙ ጊዜ፣ ሰሓቦችን አማክረው ሕዝቡን ይዘው ተመልሰዋል። ሰበብ ማድረስ ቀደርን መካድ አይደለም።

እንዴት ይጠናል? ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ የእንግሊዛዊው ሐኪም የጆን ስኖው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ገባ። ያኔ ብዙዎች በሽታው በመጥፎ ሽታ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር፤ ስኖው ግን ውኃውን ጠረጠረ። በአንዳንድ ሰፈሮች ሁለት የውኃ ኩባንያዎች በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ላሉ ቤቶች ውኃ ያቀርቡ ነበር። አንዱ ውኃውን የሚቀዳው የከተማው ቆሻሻ ከሚፈስበት የወንዙ ክፍል ነው፤ ሌላው መቅጃውን ወደ ላይ አርቆ ነበር። ስኖው ሰው የሞተባቸውን ቤቶች እየዞረ ውኃቸው የማን እንደሆነ ጠየቀ። የማያውቁ ሲያጋጥሙት የውኃውን ጨው መርምሮ ለየ። ውጤቱ ምን ሆነ? ከቆሻሻው ቦታ በሚቀዳው ኩባንያ ደንበኞች ዘንድ ከ10,000 ቤት 315 ሞት፣ በሌላው ዘንድ ከ10,000 ቤት 37 ሞት።

«ከ10,000 ቤት» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ትምህርቱ እዚያ ላይ ነው። «እዚህ ሰፈር 40 ሰው ታመመ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ከ200 ሰው ነው ወይስ ከ20,000? በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ ዳሰሳ ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ይህን ያወቅነው ቤት ለቤት ተኪዶ እናቶች ስለተጠየቁ ነው። ያልተቆጠረ ሕፃን ለማንም ዕቅድ አይገባም።

ሁለተኛው ትምህርት ማንን እንደምንጠይቅ ነው። መስጂድ የመጡትን ብቻ ግፊት ለክተን «የሰፈራችን ሰው ጤነኛ ነው» ብንል ተሳስተናል። ታሞ ቤት የቀረውን፣ ሱቁን ጥሎ መምጣት ያልቻለውን፣ ብዙዎቹን እናቶቻችንን አላየናቸውም። ሦስተኛው፣ ሁለት ነገር አብሮ ስለታየ አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ብሎ አለመቸኮል ነው። ጤና ጣቢያ አጠገብ ባለ ሰፈር የግፊት ታማሚ በዝቶ ቢገኝ፣ ሰዉ ስለታመመ ሳይሆን ስለተመረመረ ሊሆን ይችላል። አራተኛው አማና ነው። ሰው ፈቅዶ ይጠየቃል፣ እምቢ ካለ ይተዋል፣ የነገረን ምስጢር በስሙ አይወጣም። ጥናት በሚል ሰበብ የሰው ነውር ማውራት አይቻልም።

ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ የጤና ተማሪዎች፣ ይህ በተለይ እናንተን ይመለከታል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስን ከመደርደሪያ አውርዶ የከተማውን ስም ብቻ መቀየር ልማድ ሆኗል። የሰፈራችሁ ጥያቄ ደግሞ የሚያጠናው አጥቶ ተቀምጧል። ከሰፈራችን ግፊት እንዳለበት የሚያውቀው ስንቱ ነው? ከሚያውቁት ስንቱ መድኃኒቱን ይወስዳል? ያቋረጠውስ በዋጋው ነው፣ በርቀቱ ነው ወይስ «አላመመኝም» ብሎ? መልሱ ይለያያል፣ መፍትሔውም እንደዚያው። ዋጋው ከሆነ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ «አላመመኝም» ከሆነ ደግሞ ትምህርት።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የመንግሥትም ሥራ ነው። ግን ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ችግር አለብን» ማለትና «ከ300 ቤት ይህን ያህሉ ግፊቱን ተለክቶ አያውቅም» ማለት እኩል አይሰማም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፦ በየጀመዓችን ለታማሚ ከሚሰበሰበው፣ ሰጪዎቹ ፈቅደው፣ ጥቂቱ ለቅድመ ምርመራ ይመደብ። የሚለካው የጤና ባለሙያ ይሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን እናማክር፤ ሰፈሩን ያውቁታል። ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር መጠይቁን ያዘጋጁ፣ የጥናት ፈቃዱንም ያውጡ። ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ሲገኝ ወዴት እንደሚላክ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ነግሮ መተው ግማሽ ሥራ ነው። ውጤቱ ያለ ስም ለሰፈሩ ሰው ተመልሶ ይነገር።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ ጤነኞቹንም ይጠብቅልን። እኛም የድርሻችንን ለማድረስ ቆጠራውን ከራሳችን ቤት እንጀምር፦ እናትና አባታችን ግፊታቸውን መጨረሻ የተለኩት መቼ ነው?